የኦዝ ዜና መዋዕል ሁለተኛዋ ጸሐፊ



የመጣሁት ሩት ፕላምሊ ቶምፕሰን ስለምትባል ደራሲ ልነግራችሁ ነው። ስሟን የሚያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ጥቂት ይመስለኛል፤ ተወልዳ በኖረችበት በአሜሪካም ቢሆን ዛሬ የሚያስታውሷት የኦዝን መጻሕፍት አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የጻፈችለትን አገር፣ ኦዝን፣ ግን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዶረቲ የምትባል የካንሳስ ልጅ ከነቤቷና ከነውሻዋ በአውሎ ነፋስ ተነጥቃ የምታርፍበት፣ ገለባ የተሞላ የወፍ ማስፈራሪያ አእምሮ ፍለጋ መንገድ የሚጀምርበት፣ የቆርቆሮ ሰው ልብ፣ ፈሪ አንበሳ ደግሞ ወኔ የሚለምንበት አገር ነው። መጽሐፉን ያላነበበ በ1939 የወጣውን ፊልም ሳያይ አልቀረም።

ኦዝን የፈጠረው ላይማን ፍራንክ ባውም ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1900 ቺካጎ ውስጥ ታተመ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ባውም በ1919 ሲሞት ስለዚሁ አገር 14 ልቦለዶች ጽፎ ነበር። ከእሱ በኋላ ቶምፕሰን መጣች። ከ1921 እስከ 1939 አንድም ዓመት ሳትዘል፣ በየዓመቱ አንድ እያደረገች 19 የኦዝ ልቦለዶች አሳተመች። ከፈጣሪው በአምስት ትበልጣለች። ይህን ያህል የሠራች ደራሲ በግርጌ ማስታወሻ ተጠቅሳ የምትታለፍ ሆና መቅረቷ ያሳዝነኛል፤ ትክክልም አይመስለኝም። ሌላ ሰው የጀመረውን ታሪክ መቀጠል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የራሱ ችግር፣ የራሱ ድፍረት፣ የራሱ ታማኝነት አለው። ቶምፕሰን ይህን ሙያ እንዴት እንደያዘችው፣ የት እንደተሳካላትና የት እንደወደቀች ነው ማሳየት የምፈልገው።

መነሻችን ግን ባውም ይሁን፤ ኦዝን ለመዝጋት የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው እሱ ራሱ ነውና።

ባውም ተከታታይ መጽሐፍ የመጻፍ ዕቅድ አልነበረውም። በደቡብ ዳኮታ ሱቅ ከፍቶ ከስሯል፤ እዚያው ጋዜጣ አዘጋጅቶ አልሰመረለትም፤ በቺካጎ ደግሞ የሸክላ ሳህንና ስኒ እያሻሻጠ ከከተማ ከተማ ዞሯል። የመጀመሪያው የኦዝ መጽሐፍ ሲወጣ 44 ዓመቱ ነበር። ያ መጽሐፍ ዶረቲ ወደ ቤቷ ስትመለስ በሚገባ ያበቃል፤ የተንጠለጠለ ጥያቄ የለውም። ልጆቹ ግን አልበቃቸውም። ባውም በ1904 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ መቅድም ላይ እንደተረከው፣ አንዲት ዶረቲ የምትባል ልጅ ከሩቅ መጥታ ሌላ ታሪክ ለመነችው፤ እሱም ሺህ ልጃገረዶች ሺህ ደብዳቤ ከጻፉልኝ እጽፋለሁ አላት። ደብዳቤዎቹም መጡ፣ መጽሐፉም ተጻፈ። ሦስተኛው በ1907፣ አራተኛው በ1908፣ አምስተኛው በ1909 ተከተሉ። ራሱንም የኦዝ ቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ጸሐፊ ብሎ ሰየመ።

በ1910 ግን ደከመው። ሌላ ነገር መጻፍ አማረው። በዚያ ዓመት በወጣውና የኦዝን መዲና፣ የመረግድን ከተማ፣ በርዕሱ በያዘው ስድስተኛ መጽሐፍ ከመሬት ሥር የሚኖሩት የኖሞች ንጉሥ ዋሻ አስቆፍሮ ኦዝን ሊወር ይነሳል። ወረራው ያለ ደም ይከሽፋል፤ ወራሪዎቹ ከመርሳት ምንጭ ጠጥተው የመጡበትን ጉዳይ ይረሳሉ። ከዚያ ደጊቱ ጠንቋይ ግሊንዳ ኦዝን በሙሉ ከውጭው ዓለም ዓይን ትሰውራለች። ዶረቲም አጎቷንና አክስቷን ይዛ ለዘለቄታው እዚያ ከተመች። ለጸሐፊው የላከችው አጭር መልእክት ከእንግዲህ ስለ ኦዝ ምንም እንደማይሰማ ይገልጻል። አንድ ደራሲ የፈጠረውን ዓለም በዚህ ያህል ጥንቃቄ፣ በዚህ ያህል ፍቅር ሲዘጋ ብዙ አላየሁም። ሰዎቹን አልገደለም፣ ከተማዋን አላፈረሰም፤ በሩን ብቻ ዘጋ።

በሩ ግን ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ተዘግቶ አልቆየም። በ1911 ስለ ባሕር ሥር፣ በ1912 ስለ ሰማይ ደሴት የጻፋቸው መጻሕፍት እንደ ኦዝ አልተሸጡም። በ1908 ፊልም፣ ሥዕልና ኦርኬስትራ አጣምሮ በየከተማው ያሳየው ትርኢት የጣለበት ዕዳም ነበረ፤ በ1911 መክሰሩን በይፋ አስታወቀ። ደብዳቤዎቹም አላቋረጡም። ስለዚህ በ1913 ከጨርቅ ቁርጥራጭ ስለተሰፋች ልጃገረድ የሚተርከውን መጽሐፍ ይዞ ተመለሰ። አመላለሱም እንደ ሰውየው ብልሃት ነው፤ ኦዝ ለዓይን ተሰውሮ ይሆናል እንጂ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ የሚከለክለው የለም፣ ይህንንም ያሳሰበኝ አንድ ልጅ ነው ብሎ በመቅድሙ ጻፈ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ሰጠ።

በዚህ ታሪክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቶምፕሰን ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ነውና። ባውም ከአንባቢዎቹ ሐሳብ ይቀበል ነበር፣ መቀበሉንም በአደባባይ ይናገር ነበር። በ1917 የወጣው መጽሐፉ የኦዝ ንግሥት ኦዝማ ስለ መጥፋቷ ይተርካል፤ የታሪኩን ፍሬ የሰጠችው ልታነጋግረው የመጣች የ11 ዓመት ልጅ መሆኗን በመቅድሙ መስክሯል። በኦዝ እንስሳት ሁሉ ሲናገሩ የዶረቲ ውሻ ቶቶ ለምን ዝም ይላል ብለው ልጆች ሲሞግቱት፣ በ1914 ቶቶን አናገረው። የባሕሩና የሰማዩ መጽሐፍ ባለታሪኮች የሆኑትን ትንሿን ትሮትንና ሽማግሌውን መርከበኛ ደግሞ በ1915 ወደ ኦዝ አስገባቸው።

ሌላም ነገር አድርጓል። የኦዝን ሕግ አቁሟል። አገሩ አራት ግዛት አለው፤ በምሥራቅ ያሉት ማንችኪኖች ሰማያዊ፣ በምዕራብ ያሉት ዊንኪዎች ቢጫ፣ ደቡቦቹ ቀይ፣ ሰሜኖቹ ወይን ጠጅ ይወዳሉ፤ መካከሉ የመረግድ ከተማ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ የረገጠውን የሚያጠፋ በረሃ ከብቦታል። በ1914 መጽሐፉ ሽፋን ውስጥ የኦዝና የጎረቤቶቹ ካርታ ታተመ። በኋለኞቹ መጻሕፍት ደግሞ በኦዝ ሰው እንደማይሞት፣ ልጅም እንደማያድግ ተደነገገ። ይህን ሁሉ ስትደምሩት ባውም ትቶ የሄደው ያለቀ ታሪክ አይደለም፤ ካርታ፣ ሕግና ነዋሪ ያለው አገር ነው። ካርታው ላይ ደግሞ ስም ያልወጣላቸው ብዙ ሸለቆዎች ነበሩ።

ባውም በግንቦት 1919 ሆሊውድ በሚገኘው ቤቱ አረፈ። ጨርሶ ያስቀመጣቸው ሁለት መጻሕፍት ነበሩት፤ አንደኛው በዚያው ዓመት፣ ሁለተኛው በ1920 ወጡ። ከዚያ በኋላ መሳቢያው ባዶ ነበር።

የቺካጎው አሳታሚ ሬይሊ ኤንድ ሊ ኑሮው በኦዝ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አዲስ የኦዝ መጽሐፍ በየገናው ለልጆች የሚሰጥ ስጦታ ሆኖ ነበር፤ ወላጆች ይጠብቁታል፣ መጽሐፍ ሻጮች ያዙታል። ከድርጅቱ ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ዊሊያም ሊ ዓይኑን ወደ ፊላደልፊያ አዞረ። እዚያ ፐብሊክ ሌጀር በሚባለው ጋዜጣ የልጆችን ገጽ የምታዘጋጅ ወጣት ነበረች። ቶምፕሰን በ1891 የተወለደች፣ ያኔ ገና 30 ዓመት ያልሞላት፣ ግጥምና ተረት በየሳምንቱ የምታፈልቅ ጋዜጠኛ ነበረች። ባውምን በአካል አግኝታው አታውቅም። የኦዝን መጻሕፍት ግን ከልጅነቷ ጀምራ ስታነብ ነው ያደገችው። ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ትውልድ ነበረች ማለት ነው፤ ብዕሩ ከጸሐፊው እጅ ወደ አንባቢዋ እጅ ተሻገረ። እናቷንና ሕመምተኛ እህቷን በደመወዟ የምታስተዳድረውም እሷ ነበረች። ለሥራው እሺ ስትል ይህም በሐሳቧ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ክብሯንም አይቀንስም።

የመጀመሪያ የኦዝ መጽሐፏ በ1921 ወጣ። ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም ባውም ነው። የእሷ ስም ከዚያ በታች፣ መጽሐፉን ያሰፋችና ያዘጋጀች ተብሎ ተጻፈ። የባውም ሚስት ሞድ በፈረመችበት መቅድም ላይ ሟቹ ስለ ኦዝ ያላለቀ ማስታወሻ ትቶ እንደነበር፣ አሳታሚዎቹም ከዚያ ማስታወሻ አዲስ መጽሐፍ ለማውጣት ቃል እንደገቡ ለልጆቹ ተነገራቸው። የኦዝን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ዛሬ የሚስማሙበት ሌላ ነው፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቶምፕሰን ሥራ ነው።

ይህን ውሸት እረዳዋለሁ። አሳታሚው ልጆቹ እንዳይሸሹት ፈርቷል፤ መበለቲቱ የባሏ ስም ከፍጥረቱ እንዳይለይ ፈልጋለች፤ ከሽያጩ የሚገኘውም ለባውም ቤተሰብ መተዳደሪያ ነበር። ሐዘንተኞቹ ልጆችም መጽናኛ ያስፈልጋቸው ነበር። ቢሆንም በቶምፕሰን ላይ የተሠራው በደል ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያ ልቦለዷን የጻፈች ሴት የሟች ወረቀት አስተካካይ ሆና ተዋወቀች። በ1922 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ በራሷ ስም ቢታተምም፣ ከስሟ አጠገብ በባውም ታሪኮች ላይ የተመሠረተና እነሱን የሚቀጥል የሚል ሐረግ ተለጠፈ። አንባቢ ከዚያ ወዲህ እሷን የሚያነብበት ዓይን ከባውም ጋር የሚያነጻጽር ብቻ ሆነ። በራሷ ሚዛን የመዘናት ጥቂት ነው።

ያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ምን እንደሆነ ስታስቡት ግን ይደንቃችኋል። የሚተርከው ስለ ዘር ሐረግ ነው። አንድ ፕሮፌሰር የኦዝን መኳንንት የትውልድ መዝገብ ሲያዘጋጅ፣ ገለባ የተሞላውን ማስፈራሪያ አንተ ዘር የለህም ብሎ ያሸማቅቀዋል። ማስፈራሪያው ተከፍቶ ዶረቲ ወዳገኘችበት የበቆሎ ማሳ ይመለሳል፤ ተሰቅሎበት በነበረው እንጨት ላይ ተንሸራቶ ከምድር ሥር ወዳለች የብር ደሴት ይወርዳል። እዚያም የሞተው ንጉሠ ነገሥት አንተ ነህ፣ መንፈሱ በአንተ አድሯል ይሉታል። ልጆችና የልጅ ልጆች ይቀርቡለታል፣ ዙፋን ይዘረጋለታል። እሱ ግን ዙፋኑን ትቶ ወደ ወዳጆቹ መመለስ ይመርጣል። የሌላ ሰው ወራሽ ተብላ የተሰየመች ደራሲ በመጀመሪያ የኦዝ ሥራዋ ዘር የሌለው ሰው ወዳጅነቱ እንደሚበቃው ጻፈች። ይህን አስባበት ይሁን ሳታስብበት ለማወቅ አልሞክርም፤ መጽሐፉን ግን በዚህ ዓይን ማንበብ ይገባል ባይ ነኝ።

ቶምፕሰን በራሷ ድምፅ የቆመችው በ1922 በካቡምፖ ነው። ካቡምፖ የፑምፐርዲንክ ቤተ መንግሥት ዝሆን ነው፤ በጌጥ የሚንቆጠቆጥ፣ በራሱ የሚኮራ፣ ቅር ሲለው የሚያኮርፍ፣ ለልዑሉ ግን ሕይወቱን የሚሰጥ ባላባት። በልዑሉ የልደት በዓል ላይ ኬኩ ይፈነዳል፤ ከውስጡ የወጣው ጽሑፍ ልዑሉ በአጭር ቀን ውስጥ ትክክለኛይቱን ልዕልት ካላገባ መንግሥቱ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። ዝሆኑ ትክክለኛይቱ ልዕልት ከኦዝማ ሌላ ማን ልትሆን ብሎ ልዑሉን በጀርባው ጭኖ በሌሊት ይሄዳል። በዚያው ጊዜ የተሻረው የኖሞች ንጉሥ ከመረግድ ከተማ ሥር ሆኖ በተገኘ አስማት ሲጫወት በድንገት ግዙፍ ይሆናል። ሲያድግ የኦዝማ ቤተ መንግሥት ከነነዋሪዎቹ ራሱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ እሱም ደንግጦ ቤተ መንግሥቱን እንደ ዘውድ ተሸክሞ ይሸሻል። በኦዝ መጻሕፍት ሁሉ፣ የባውምንም ጨምሬ፣ እንዲህ ያለ አስፈሪና አስቂኝ ሥዕል የፈጠረ ምዕራፍ ጥቂት ነው። መጨረሻ ላይ ትክክለኛይቱ ልዕልት የተገኘችው ማንም ያልጠረጠራት፣ ከእንጨት የተቀረጸች፣ ልቧ የቀና አሻንጉሊት ሆና ነው።

እዚህ ላይ ከባውም የተለየችበትን ታያላችሁ። ባውም በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ፍቅርና ጋብቻ አሰልቺ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በኦዝ የሚያገባ የለም ማለት ይቻላል። ቶምፕሰን ልዑል ታጋባለች፣ ሠርግ ትደግሳለች፣ በ1930 መጽሐፏ ሽማግሌውን ባላባት ሰር ሆከስን ወደ ወጣት ልዑልነት መልሳ ትድረዋለች። ትረካዋ ይፈጥናል፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ አዲስ ትንሽ መንግሥት ይገኛል፣ ቃላት ይላተማሉ፣ ስሞች ይጫወታሉ። የባውም ትረካ ረጋ ያለ ነው፤ እንግዳ ነገርን ሲያሳያችሁ እንደ ዕለት ነገር ነው የሚያወራችሁ። የቶምፕሰን ትረካ ጋዜጣ ላይ ያደገ ነው፤ ልጁ ገጹን እንዳይገለብጥባት በየመስመሩ ታባብለዋለች። ይህ አንዳንዴ ያደክማል። በ19ኙም መጻሕፍት ላይ እኩል ጥራት መጠበቅም አይቻልም፤ በየዓመቱ ገና እየደረሰ የተጻፉ ናቸውና ጥድፊያው የሚታይባቸው አሉ።

ታማኝነቷ የሚታየው በ1925 በወጣውና የጠፋውን የኦዝ ንጉሥ ፍለጋ በሚተርከው መጽሐፍ ነው። ባውም እዚህ ላይ ሸርተት ብሎ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ የኦዝ ገዥ በባሉን የመጣው አስማተኛ ነው፤ በሁለተኛው ከእሱ በፊት ፓስቶሪያ የሚባል ንጉሥ እንደነበረ፣ ኦዝማም ልጁ እንደሆነች እንሰማለን፤ በአራተኛው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ይሆናል። አባትየው የት ደረሰ? ባውም አልነገረንም። ጥያቄውን ያነሳችው ቶምፕሰን ናት። ንጉሡን በአስማት ማንነቱን ያጣ ልብስ ሰፊ አድርጋ አገኘችው፤ ጆሮዎቹ ከራሱ ላይ ተነስተው እየበረሩ ወሬ የሚያመጡለት ልብስ ሰፊ። ማንነቱ ሲመለስለት ደግሞ ዙፋኑን ለልጁ ትቶ በመረግድ ከተማ የልብስ ስፌት ሱቅ ይከፍታል። ይህን መጨረሻ በጣም እወደዋለሁ። ባውም በኦዝ ላይ ያነገሣት ሴት ልጅ ናት፤ ቶምፕሰን እውነተኛውን ንጉሥ አምጥታም የልጅቷን ዙፋን አልነካችም። የቀዳሚውን ቀዳዳ ደፈነች፣ ትልቁን ሕጉንም አከበረች። በዚያው መጽሐፍ ዶረቲ ሳታስበው ካሊፎርኒያ፣ ፊልም በሚቀረጽበት ቦታ ትገኛለች፤ ከኦዝ ውጭ ስለሆነችም የተጠራቀሙት ዓመታት በደቂቃዎች ውስጥ ያገኟትና ሰውነቷ ማደግ ይጀምራል። ልጅ አያድግም የሚለውን የባውም ሕግ ይዛ ሕጉ የሚያበቃበትን ድንበር ፈለገች። ያ ድንበር ያስፈራል። የመቀጠል ሙያ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የሚወቅሷትም ያለ ምክንያት አይደለም። የባውም ኦዝ የሴቶች ልጆች አገር ነው። የሚገዙት ኦዝማና ግሊንዳ ናቸው፣ ጀብዱውን የምትመራው ዶረቲ ናት። የባውም አማት ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት ስመ ጥሮች አንዷ ነበሩ፤ የእሳቸው መንፈስ በመጻሕፍቱ ላይ እንዳረፈ ብዙ አንባቢዎች ይስማማሉ። ቶምፕሰን ራሷ ሠርታ ቤተሰብ የምታኖር፣ ያላገባች ሴት ሆና ሳለ፣ መጻሕፍቷን በብዛት ለወንዶች ልጆችና ለመሳፍንት ሰጠች። ፒተር የሚባል የፊላደልፊያ ልጅ በሦስት መጻሕፍቷ ዋና ሰው ነው። ዶረቲ እየራቀች ሄደች። በ1937 የጻፈቻት ሰባት እጅ ያላት ፍየል ጠባቂ ሃንዲ ማንዲ ደፋርና ብርቱ ናት፤ እንዲህ ያሉት ግን ከወንዶቹ ቁጥር ጋር አይመጣጠኑም።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1921ዱ የብር ደሴት ቻይናውያን በጊዜው አሜሪካ በነበረው የንቀት ዓይን ተሥለዋል። ቀዩ ጂን የሚባለው ተወዳጅ ባለታሪኳ በቤተ መንግሥቱ ጥቁር ባሮች አሉት፤ በ1938 በወጣው መጽሐፍ ባሮቹ ያምፃሉ፣ አመፁ ሲከሽፍም ወደ ጌታቸው መመለሳቸው እንደ ደስታ ይቀርባል። ይህን ክፍል ሳነብ ይከፋኛል፤ ለልጅ ስሰጠውም ሳላስረዳ አልሰጠውም። ባውምም ቢሆን ነጻ አይደለም። በ1890ና በ1891 ዳኮታ ውስጥ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ፈጽመው እንዲጠፉ የሚጠይቁ ርዕሰ አንቀጾች ጽፏል። ያንን የጻፈ እጅ ነው ከዓመታት በኋላ ማንም የማይሞትበትን አገር የጻፈው። የምንወደውን አገር ስንወርስ ይህንንም አብረን እንደወረስን ማወቅ ያለብን ይመስለኛል።

አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ሠዓሊው ጆን ኒል። እሱም የፊላደልፊያ ልጅ ነው። ከ1904 ጀምሮ የባውምን የኦዝ መጻሕፍት በሙሉ፣ ከዚያም የቶምፕሰንን 19ኙንም የሣለው እሱ ነው። ልጆቹ በ1921 አዲሱን መጽሐፍ ሲከፍቱ የጠበቃቸው ያው የለመዱት ማስፈራሪያ፣ ያቺው የለመዷት ኦዝማ ነበረች። የደራሲው ለውጥ ልጆቹን ያላስበረገገበት አንዱ ምክንያት የኒል እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ወጪ ለመቆጠብ ከ1935 በኋላ ባለቀለም ሥዕሎቹ ከመጻሕፍቱ ቀሩ፤ ጥቁርና ነጩ መስመሩ ግን አልደበዘዘም።

በ1939 ፊልሙ ወጣ። አሳታሚው በፊልሙ ዝና ለመጠቀም የቶምፕሰን የዚያ ዓመት መጽሐፍ በርዕሱ አስማተኛውን እንዲይዝ አደረገ። መጽሐፉ አስማተኛው ስለሠራቸው አውሮፕላኖች ይተርካል። ከእሱ በኋላ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ጎን ለጎንም ፊላደልፊያ ውስጥ ለሚታተሙ የልጆች የኮሚክ መጽሔቶች መሥራት ጀምራ ነበር። ሥራውን የተረከበው ሠዓሊው ኒል ሲሆን እስከ 1942 ሦስት መጻሕፍት ጻፈ፤ በ1943 ሞተ። ከዚያ ጃክ ስኖው ሁለት፣ ሬቸል ኮስግሮቭ አንድ፣ በ1963 ደግሞ ኤሎይዝ ጃርቪስ መግሮው ከልጇ ጋር አንድ ጻፉ። ባውም ከጀመረው ጋር ሲደመር 40 ሆነ፤ የኦዝ ወዳጆች አርባዎቹ የሚሉት ይህን ነው።

ጃክ ስኖው ልጅ ሳለ፣ ባውም በሞተ ጊዜ፣ ገና በ12 ዓመቱ እኔ ልቀጥል ብሎ ለአሳታሚው ጽፎ ነበር። ዕድሉን ያገኘው በ1946 ነው። ባውምን አብዝቶ ስለሚያከብር የቶምፕሰንን ሰዎች በሙሉ ተዋቸው፤ ካቡምፖ የለም፣ ፒተር የለም፣ ቀዩ ጂን የለም። እንዳልተፈጠሩ ቆጠራቸው። በዚህ አልስማማም። የስኖው መጻሕፍት የባውምን ጥላ በጥንቃቄ ይከተላሉ፣ ጨለምለም ያለ ውበትም አላቸው፤ ነገር ግን በ19 ዓመታት ውስጥ ልጆች ያደጉባቸውን ባለታሪኮች ከአገሩ ማባረር ለባውም መታመን አይደለም። ባውም ልጅ ያመጣለትን ሐሳብ እንኳ በመቅድሙ አመስግኖ ያስገባ ሰው ነበር። በ1931 በስድስት ዓመቷ በገና የቶምፕሰንን የባሕር ዘራፊዎች መጽሐፍ የተቀበለች ልጅ የምታውቀው ኦዝ ባውምና ቶምፕሰን አብረው የሠሩት ነው። ያ አገር የእሷም ነው።

ዛሬ የኦዝ በር ለሁሉም ክፍት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በአሜሪካ የባለቤትነት መብቱ በ1956 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ጽፈዋል፤ ግሪጎሪ ማጓየር በ1995 ክፉዋን ጠንቋይ ባለታሪክ አድርጎ ለአዋቂዎች ጻፈ፣ ያም በ2003 በብሮድዌይ የሙዚቃ ተውኔት ሆነ። ከዚያ ቀድሞ አሌክሳንደር ቮልኮቭ በ1939 የመጀመሪያውን መጽሐፍ በሩስያኛ እንደገና ጽፎ የራሱን ተከታታይ አስከትሏል። እነዚህ ያለ ማንም ፈቃድ፣ በየራሳቸው መንገድ የሄዱ ናቸው። ቶምፕሰን ግን የጻፈችው አሳታሚው፣ የባውም ቤተሰብና የለመዱ ልጆች በአንድነት እያዩዋት ነው። ያንን የሚያህል ጫና በሌላ ቀጣይ ደራሲ ላይ ሲጫን አላየሁም።

በ1957 በአንድ የ13 ዓመት ልጅ ተነሳሽነት የኦዝ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ቶምፕሰንን ፈልጎ አገኛት፤ እሷም ያልታተሙ ሁለት የኦዝ ታሪኮች ነበሯት። አንደኛው በ1972 ታተመ። ከ1939 ወዲህ 33 ዓመት አልፎ ነበር፤ እሷም 80 ደርሳለች። ሁለተኛው በ1976 ወጣ፣ በሞተችበት ዓመት። በሁለቱም ላይ የደራሲው ስም የእሷ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ በካቡምፖ ጀምሩ፤ ቀጥሎ የጠፋውን ንጉሥ አንብቡ። ከልጆች ጋር ብታነቧቸው ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ የተጻፉ ናቸው።